በሰዓት 50,000 ኩዌሪ፦ የጀልባ ማኅበራችን በርካሽ ሆስቲንግ ላይ ያሳለፈው ዓመት

የካቲት 15፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ አጎቴ ደወለልኝ። የጀልባ ካፒቴን ነው። «አንቺ ልጅ፣ ድረ ገጹ ምን ሆነ? ሰዉ ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚደውለው» አለኝ። ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ነጭ ገጽ ነው። ከላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ አለ። የዳታቤዙ (የመረጃ ቋታችን) ዩዘር «ማክስ ኩዌሽንስ» የሚባለውን፣ በሰዓት ስንት ኩዌሪ (ወደ ዳታቤዙ የሚሄድ ትእዛዝ) እንደሚፈቀድ የሚወስነውን ገደብ አልፏል ይላል። አጠገቡ ቁጥር ተጽፏል፤ 50,000። የስህተቱ መለያ 1226።

ለባሕር ዳር ሰው የካቲት 15 ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ለሌላው ግን ልንገር። ማግስቱ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የምትነግሥበት ቀን ነው። ሰዉ ጎህ ሳይቀድ ነጠላውን ተከናንቦ ወደብ ይወርዳል። ጣና ጠዋት ላይ ረጋ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ውኃው ይታወካል። ስለዚህ ሁሉም የሚፈልገው የማለዳዋን ጀልባ ነው። የትኛዋ ጀልባ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ ስንት ቦታ እንደቀራት የሚያየው ደግሞ በዋዜማው ምሽት በስልኩ ነው። እኛ የጠፋነው በዚያች ምሽት ነው።

ያንን ሆስቲንግ፣ ድረ ገጻችን የተቀመጠበትን የኪራይ ሰርቨር፣ አሁንም እየተጠቀምንበት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ስለፈተንኩት በዝርዝር ልጽፍለት እችላለሁ። የሻጩን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለው ገደብ በብዙ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ አለና፣ አንዱን ብቻ ነጥዬ ብወቅስ ልክ አይሆንም። የምጽፈው እንደኔ ለትንሽ ድርጅት ድረ ገጽ ሠርቶ ርካሹን ፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ነው።

መጀመሪያ የገዛነውን ልንገራችሁ። ሼርድ ሆስቲንግ ነው። አንድ ሰርቨር ላይ የብዙ ሰው ድረ ገጽ አብሮ ይቀመጣል። ሻጩ የአገር ውስጥ ነው፤ እኛ የወሰድነው ደግሞ ከዝርዝሩ ርካሹን ነው። የዓመቱ ክፍያ አንዲት ጀልባ ሰው ሞልታ ዘጌ ደርሳ ስትመለስ ከምታስገባው ያንሳል። የከፈልነው በቴሌብር ነው። ይህ ለማኅበራችን ትልቅ ነገር ነው። የውጭ ሆስቲንግ ቢሆን ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው መለመን ነበረብን። በየዓመቱ እድሳት ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ሰው እንደገና መለመን።

ሲፓነል (ሆስቲንጉን የምናስተዳድርበት ገጽ) አለው። ፒኤችፒ (ገጹ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) አለው። ማይኤስኪውኤል (ዳታቤዙን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) አለው። የኤስኤስኤል ሰርተፊኬቱ በነፃ ነው። ስልክ ስትደውሉ የሚያነሳ ሰው አለ፤ በአማርኛ ያስረዳችኋል። የዋጋ ገጹ ላይ «ዳታቤዝ» ከሚለው ፊት ለፊት «ገደብ የለሽ» ተብሎ ተጽፏል። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀላል ነው። የጉዞ ዝርዝር፣ የጀልባው ስም፣ ካፒቴኑ፣ የቀረው ቦታ፣ የመነሻ ሰዓት። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚታየው። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ስለሚሠራ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የምትነሳው ጀልባ እዚያ 4 ሰዓት ሆና ነው የተመዘገበችው። እሱ ብቻውን ሌላ ታሪክ ነው። ከሁሉም የምወደው ግን ሴቶች ይገቡ እንደሆነ የሚናገረውን ዓምድ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን ለሴትም ክፍት ናት። ልጅ ሆኜ ክብራን ሄደን፣ ወንድሞቼ እስኪመለሱ ጀልባው ላይ ቁጭ ብዬ ጠብቄያለሁ። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም ነበር። አሁን ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ገጹ ይናገራል።

ወደዚያች ምሽት ልመለስ። ለሆስቲንጉ ደወልኩ። ልጁ ትሑት ነው። «አዎ፣ በሰዓት 50,000 ኩዌሪ ነው የተፈቀደልዎት። ሰዓቱ ሲሞላ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል» አለኝ። «ገደብ የለሽ ይላል እኮ!» አልኩት። «ገደብ የሌለው የዳታቤዙ ብዛት ነው። የፈለጉትን ያህል ዳታቤዝ መክፈት ይችላሉ። ኩዌሪው ግን በዩዘር ይቆጠራል።» ከዚያ ቀጠለና «ፓኬጁን ያሳድጉ» አለኝ።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ቃሉ ውሸት አይደለም። ግን የጀልባ ማኅበር ሃያ ዳታቤዝ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው አንድ ዳታቤዝ በዋዜማው ምሽት ሳይቋረጥ እንዲሠራለት ነው። ገደብ መኖሩን አልቃወምም፤ ለምን እንደሚያስፈልግ በኋላ እነግራችኋለሁ። ቅሬታዬ ቁጥሩ የዋጋ ገጹ ላይ አለመጻፉ ነው። ሲፓነሉ ውስጥም የለም። 40,000 ስትደርሱ የሚያስጠነቅቃችሁም የለም። መጀመሪያ የምታውቁት ደንበኛችሁ ሲያውቀው ነው።

ያን ምሽት ድረ ገጹ ሩብ ሰዓት ይጠፋል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይጠፋል። ሲመለስ ጠብቄ ገጹን እንዳለ ዳታቤዝ ወደማይጠይቅ ተራ ኤችቲኤምኤል ፋይል ገለበጥኩት። የማኅበሩን ጸሐፊ ስልክ በትልቁ ጻፍኩበትና ዋናውን ገጽ በእሱ ተካሁት። ጸሐፊያችን ደብተር አውጥተው እስከ እኩለ ሌሊት በእጃቸው መዘገቡ። ሁለት ቤተሰብ አንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ ተመዘገበ። ጠዋት ወደብ ላይ አንዲት እናት ከነልጆቻቸው ሌላ ጀልባ እስኪገኝ ቆመው ጠበቁ። ይህን ሳስታውስ አሁንም ይቆረቁረኛል።

በማግስቱ መቁጠር ጀመርኩ። ኩዌሪ ማለት ወደ ዳታቤዙ የሚሄድ እያንዳንዱ ትእዛዝ ነው። ማንበብ ይቆጠራል፤ መጻፍ ይቆጠራል። ግንኙነቱ ሲከፈት ፊደል ለመምረጥ የሚላከው «ሴት ኔምስ» እንኳ ይቆጠራል። ገጹ ተሠርቶ ሲያልቅ «ሾው ሴሽን ስታተስ» ብዬ ጠየቅሁና «ኩዌሽንስ» ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር ከገጹ ግርጌ አወጣሁት። 138።

አንድ ሰው አንድ ጊዜ ገጹን ሲከፍት 138 ኩዌሪ። የበዓሉ ዕለት 40 ጉዞ ነበረን። ኮዴ መጀመሪያ የጉዞዎቹን ዝርዝር በአንድ ኩዌሪ ያመጣል። ከዚያ በሉፕ እየዞረ ለእያንዳንዱ ጉዞ ጀልባዋን ይጠይቃል፤ ካፒቴኑን ይጠይቃል፤ የተያዘውን ቦታ ይቆጥራል። 40 ጊዜ 3፣ 120። ከመጀመሪያዋ ጋር 121። የቀረው 17 የገጹ ቅንብር፣ የጎብኚ መቁጠሪያውና ሴሽኑ (የገባውን ሰው የሚያስታውሰው ክፍል) ነው። ይህ በሙያው «ኤን ሲደመር አንድ» የሚባለው የታወቀ ችግር ነው። ላፕቶፔ ላይ ስሠራው አምስት የሙከራ ጉዞ ብቻ ነበር ያስገባሁት። ፈጣን ነበር። ምንም አልታየኝም።

50,000ን ለ138 ስታካፍሉ 362 ገጽ ይወጣል። በሰዓት 362 ገጽ ለተራ ቀን ይበቃል። ለዋዜማ አይበቃም። ያም ሆኖ የደረሰብንን ሁሉ ይህ ብቻ አያስረዳም ነበር።

ቀን ሙሉ ስፈልግ የዋልኩት ነገር መጨረሻ ላይ በራሴ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ተገኘ። የቀረው ቦታ ሁልጊዜ ትክክል እንዲሆን ብዬ ገጹ በየ30 ሰከንዱ እንዲጠይቅ አድርጌ ነበር። አንዱ ጥያቄ ለዝርዝሩ 1፣ ለጉዞዎቹ 40፣ በድምሩ 41 ኩዌሪ ያስነሳል። በሰዓት 120 ጊዜ ይጠይቃል። 4,920። ይህ የአንድ ስልክ ነው። ገጹን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው፣ ቡና እየጠጣ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነው። እንደዚህ ያሉ አሥር ሰዎች 49,200 ይሆናሉ። አሥር ስልክ ብቻ ገደቡን ጨረሰው ማለት ነው። ከተማው ሁሉ ገብቶ ያጨናነቀን መስሎኝ ነበር እኮ!

ሦስተኛው ተካፋይ ሰው አይደለም። ሲፓነል ውስጥ የጎብኚዎችን መዝገብ አውርዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። እዩት። እኔ ሳየው ሲሶው ቦት ነው፤ የፍለጋ ሞተሮችና ሌሎች ገጽ ሰብሳቢዎች። የጉዞ ካላንደሬ «የሚቀጥለው ወር» የሚል ሊንክ ነበረው። መጨረሻ የለውም። አንዱ ቦት ያንን ሊንክ እየተከተለ 2071 ዓ.ም. ደርሷል። ለእያንዳንዱ ባዶ ወር ዳታቤዙን እየጠየቀ።

አሁን ስለ ምጣድ ላውራ። ከጉዳዩ አልወጣሁም።

የምኖረው ፖሊ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ስድስት ተከራይ ነን። የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው። ሁለት ሰው በአንዴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከጣደ ብሬከሩ ይወርድና ግቢው በሙሉ ይጨልማል። ስለዚህ አከራያችን ለእያንዳንዳችን የምጣድ ቀን አወጡልን። የኔ ሐሙስ ነው። ሼርድ ሆስቲንግም ልክ ይኸው ነው። የኔ 138 ኩዌሪ የጎረቤቴን ሱቅ ድረ ገጽ ያዘገያል። ገደቡ የተቀመጠው አንዱ ምጣድ ግቢውን እንዳያጨልም ነው። ገደብ መኖሩን አልቃወምም ያልኩት ለዚህ ነው።

ሌሊት ስሠራ መብራት ሲያዩ አከራያችን በር አንኳኩ። «ምነው ልጄ፣ እንቅልፍ የለሽም እንዴ?» አሉኝ። በዚያው በምጣዱ አስረዳኋቸው። «እትዬ፣ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ መጋገር ሆኖብኝ ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንዴ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ምጣድ ይጣዳል? አንዴ ጋግረሽ መሶብ ውስጥ አታስቀምጪም?» አሉ።

የሠራሁት እሱን ነው። በሙያው ካሽ ይሉታል።

በመጀመሪያ ግን ጋገራውን ራሱን አሳጠርኩት። በሉፕ የነበረውን አጥፍቼ ጉዞን፣ ጀልባን፣ ካፒቴንን በጆይን (ሰንጠረዦችን በአንድ ኩዌሪ በሚያጣምር ትእዛዝ) አገናኘሁ። የተያዘውን ቦታ በ«ግሩፕ ባይ» አስቆጠርኩ። 121 የነበረው አንድ ኩዌሪ ሆነ። ከዚያ የጉዞ ቀኑ ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ጨመርኩ። ኢንዴክስ የኩዌሪውን ቁጥር አይቀንስም፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። የሚቀንሰው አንዱ ኩዌሪ የሚወስደውን ጊዜ ነው። እሱም ቢሆን ያስፈልጋል፤ በሰዓት ከሚቆጠረው ሌላ በአንድ ጊዜ ስንት ግንኙነት ክፍት ሊሆን እንደሚችልም ገደብ አለና። ቀርፋፋ ኩዌሪ ግንኙነቱን ይዞ ይቆያል። በላራቬል (የፒኤችፒ ማዕቀፍ) የምትሠሩ ከሆነ «ዊዝ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ያው ሉፕ እዚያ ተደብቆ ነው የሚገኘው።

ቀጥሎ ገጹን ወደ ፋይል አወጣሁት። ሰው ሲገባ የሚያገኘው ቀድሞ የተሠራውን ኤችቲኤምኤል ነው። የቀረው ቦታ ደግሞ መረጃ ብቻ በሚይዝ ሌላ ትንሽ የጄሰን ፋይል ተቀመጠ። 40 ጉዞ ይዞ ሁለት ኪሎባይት አካባቢ ነው። የሰዉ ስልክ በየ30 ሰከንዱ የሚጠይቀው አሁን ያንን ፋይል ነው። ፒኤችፒ አይነሳም። ዳታቤዝ አይነካም። ፋይሉ ካልተቀየረ ሰርቨሩ «304» (አልተቀየረም) ብሎ ብቻ ይመልሳል፤ የሰዉም ዳታ ፓኬጅ ይተርፋል።

ፋይሉ መቼ ይታደሳል? መጀመሪያ በክሮን ጆብ (በተወሰነ ሰዓት በራሱ በሚነሳ ሥራ) ነበር ያሰብኩት። ይህ ሆስቲንግ ግን ክሮንን ከ5 ደቂቃ በታች አይፈቅድም። በዋዜማ 5 ደቂቃ ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩን ገለበጥኩት። ፋይሉ የሚጻፈው ሰው ቦታ በያዘ ጊዜ ነው። ቦታ ካልተያዘ ምን ይለወጣል? ምንም። ክሮኑ ለመጠባበቂያ ቀረ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ፋይሉን በቀጥታ አትጻፉበት። በሌላ ስም ጽፋችሁ ስትጨርሱ ስሙን ቀይሩት። ሊኑክስ ላይ እዚያው ዲስክ ውስጥ ስም መቀየር በአንዴ የሚፈጸም ነገር ነው፤ ማንም ግማሽ የተጻፈ ፋይል አያነብም። ሁለተኛ፣ ሁለት ሰው በአንዴ ቦታ ሲይዝ ሁለቱም ፋይሉን ለመጻፍ እንዳይጋፉ መቆለፊያ አድርጉ። ፒኤችፒ ውስጥ «ኤፍሎክ» አለ።

ቦታ መያዙ ራሱ ግን ከፋይል አይነበብም። እሱ የግድ ዳታቤዝ ነው። ድሮ መጀመሪያ «ቦታ አለ ወይ?» ብዬ እጠይቅና ካለ እቀንስ ነበር። በሁለቱ መካከል ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል። አሁን በአንድ «አፕዴት» ነው፤ የቀረው ቦታ ከዜሮ ከበለጠ አንድ ቀንስ። የተነካው መስመር ዜሮ ከሆነ ቦታው አልቋል ማለት ነው። ከዚያ ስሙን መመዝገብ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስረው ትራንዛክሽን ሲከፈትና ሲዘጋም ይቆጠራልና በድምሩ 4። ፋይሉን ለማደስ 1። አንድ ሰው ቦታ ሲይዝ 5 ኩዌሪ።

የጎብኚ መቁጠሪያውን አጠፋሁት። እያንዳንዱ ሰው ሲገባ ዳታቤዙ ላይ አንድ መጻፍ ነበር፤ ለመጻፍ ደግሞ ማይኤስኪውኤል ለብቻው ሌላ የሰዓት ገደብ ሊጣልበት ይችላል። ያው ቁጥር ከሰርቨሩ መዝገብ ይገኛል። ሴሽኑን ወደ ፋይል መለስኩት። ካላንደሩ ከሦስት ወር በላይ ወደፊት እንዳይሄድ ዘጋሁት፤ በሮቦትስ ፋይሉም ቦቶቹን ከለከልኩ። ጨዋ የሆነው ቦት ይሰማል። ለማይሰማው ያ መዝጋቱ ይበቃል።

ስህተቱንም ከሰው ዓይን አነሳሁት። ያ የእንግሊዝኛ መስመር የዳታቤዙን ዩዘር ስም ለሁሉም ሰው ያሳይ ነበር። ይህ ከማሳፈሩ ይልቅ አደገኛ ነው። አሁን 1226 ከመጣ ገጹ የመጨረሻውን ፋይል ያሳያል። ከላይ «ይህ የ12 ሰዓት ከ40 መረጃ ነው፤ ቦታ ለመያዝ ይደውሉ» ይልና የጸሐፊያችን ስልክ ይከተላል።

አንድ ጓደኛዬ ቀላል መንገድ ነግሮኝ ነበር። ገደቡ በዩዘር ስለሚቆጠር አራት ዩዘር ፍጠሪና እያፈራረቅሽ ተጠቀሚ፤ 200,000 ይሆንልሻል አለኝ። ይሠራል። ሲፓነል ውስጥ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። አላደረግሁትም። እትዬ በማያዩበት ሰዓት ምጣድ መጣድ ነው። የሚጨልመው የኔ ቤት ብቻ አይደለም። ደግሞም ሻጩ ሲደርስበት አካውንቱን ቢዘጋ፣ የሚዘጋው በዋዜማ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የተሰጠኝ ምክር «ኩዌሪ ካሽን አብሪው» የሚል ነው። ድሮ ማይኤስኪውኤል በራሱ መልስ የሚያስቀምጥበት መንገድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 8.0 ላይ ግን ተነስቷል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የቆዩ ምክሮች አሁንም ይህንኑ ይደግማሉ። ጊዜያችሁን አታጥፉበት።

በዎርድፕሬስ ለምትሠሩ ባጭሩ። «ኩዌሪ ሞኒተር» የሚባለውን ፕለጊን ጫኑና በአንድ ገጽ ስንት ኩዌሪ እንደምትልኩ እዩ። የገጽ ካሽ ፕለጊን ጫኑ። የዎርድፕሬስ ክሮን ሰው በገባ ቁጥር የሚነሳ ነገር ስለሆነ ከ«ደብሊውፒ ኮንፊግ» ፋይሉ ላይ አጥፉትና ከሲፓነል እውነተኛ ክሮን አድርጉለት። ዳሽቦርዱን ከፍታችሁ አትሂዱ፤ «ኸርትቢት» የሚባለው ነገር እናንተ ባትነኩትም ለተወሰነ ጊዜ ሰርቨሩን መጠየቁን ይቀጥላል።

አንድ ምክር ደግሞ ለሁሉም። ላፕቶፓችሁ ላይ ገደብ የለም። ችግሩ እዚያ የማይታያችሁ ለዚህ ነው። ስለዚህ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ዩዘር ስትፈጥሩ «ማክስ ኩዌሪስ ፐር አወር» ብላችሁ 1,000 ስጡት። በሰዓት 1,000 ብቻ። ኮዳችሁ ሲበላሽ እናንተ ቀድማችሁ ታያላችሁ። ይህን ባደርግ ኖሮ ያ የካቲት ሌላ ይሆን ነበር።

እሺ፣ ዘንድሮስ? ዘንድሮ የካቲት 15 ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሬ ላፕቶፔን ይዤ ወደብ አጠገብ፣ አጎቴ ጀልባ ላይ ተቀመጥኩ። የሚቆጥርልኝን ፋይል ራሴ ሠርቻለሁ፤ ሻጩ ስለማይሰጥ። 30,000 ካለፈ ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል። በጣም በተጨናነቀው ሰዓት 214 ሰው ቦታ ያዘ። 1,070 ኩዌሪ። ከጸሐፊያችን ገጽና ከክሮኑ ጋር 1,900 ገደማ። ከ50,000 ውስጥ። አጎቴ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ያያል። «ምን ያህል ቀረሽ?» አለኝ። «48,000 ጋሼ» አልኩት። «ተይው ታዲያ፣ ነይና አሳ ብዪ» አለኝ። የተጠበሰ ቀረሶ ይዞ ነበር።

አሁን የግዢ ፍርዴን ልስጥ። ለትንሽ ድርጅት፣ ገጹ በአብዛኛው የሚነበብ ከሆነ፣ ይህን ፓኬጅ ግዙ። የአገልግሎቱ መቋረጥ እምብዛም ነው። ክፍያው በብር ነው። ሰው ስልክ ያነሳል። ሳምንታዊ ባክአፕ አላቸው፤ አንድ ጊዜ በስህተት የሰረዝኩትን ሰንጠረዥ በዚያው ቀን መልሰውልኛል፤ ለዚህ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ነገር ካላችሁ፣ ለምሳሌ የውይይት መድረክ ወይም የፈተና ሥርዓት፣ አትግዙ። ካሽ የሚረዳው ለሚነበብ ነገር ነው። የሚጻፈውን አይሸከምም። ለእሱ የራሳችሁን ቪፒኤስ (ለብቻ የሚከራይ ምናባዊ ሰርቨር) ያዙ፤ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ሰርቨር መጠበቅም ማወቅ አለባችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ በሰዓት ስንት ኩዌሪ፣ በሰዓት ስንት መጻፍ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ግንኙነት፣ ክሮን በስንት ደቂቃ። መልሱን በጽሑፍ አስልኩ። እኔ ስጠይቅ የመጀመሪያው ልጅ አያውቅም ነበር፤ ሁለተኛው ጠይቆ በማግስቱ በኢሜይል ላከልኝ።

እድሳታችን ሚያዝያ ላይ ነው። እናድሳለን። በዚያው ኢሜይል ቁጥሩን የዋጋ ገጹ ላይ እንዲጽፉት ጠይቄ ነበር። ለሚመለከተው ክፍል እናቀርባለን ብለው መለሱ። ዛሬ ጠዋት ይህን ስጽፍ ገጹን ከፍቼ አየሁት። አሁንም «ገደብ የለሽ» ይላል።